እናቴን ይዤ ወደ አናካፓ ደሴት ልሄድ ነው፤ ስለ ባሕር ዋሻዎቹና ስለ ወፎቹ የምታውቁ ምክራችሁን ለግሱኝ

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፣ መጋቢት 14

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደሴ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በግንቦት መጨረሻ እናቴን ይዤ ሎስ አንጀለስ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ እንሄዳለን። እህቴ ልትወስደን ካሰበችባቸው ቦታዎች አንዱ ቻነል አይላንድስ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ፊት ለፊት ያሉ አምስት ደሴቶችን የያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ስፍራ መሆኑን አንብቤአለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የባሕር ገደል፣ የባሕር ዋሻና የድንጋይ ቅስት እያልኩ በጠመኔ ስስል የኖርኩትን ነገር በዓይኔ ላየው ነውና ደስታዬ ትልቅ ነው።

የሚያስጨንቀኝ የእናቴ ነገር ነው። ዕድሜዋ 63 ሲሆን፣ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል፤ ጀልባ የተሳፈረችውም በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሐይቅ ላይ ነው። እህቴ ከአናካፓና ከሳንታ ክሩዝ ምረጡ ብላናለች። የሄዳችሁበት ካላችሁ የቱ እንደሚሻል፣ ባሕሩ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ወፎቹንና ዋሻዎቹንስ በየት በኩል ማየት እንደሚቻል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከሸዋ በር የወጣሁ (ካሊፎርኒያ)፣ መጋቢት 15

መምህር፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ወደ ደሴቶቹ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ዋናው ፍላጎታችሁ ወፍ ማየት ከሆነ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ከአናካፓ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም፤ ወፎቹ ጫጩት የሚያሳድጉበት ወቅት ነውና።

አናካፓ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ስትሆን፣ ከጠረፉ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አስቸጋሪው መውረጃው ነው። ደሴቲቱ ዙሪያዋን ገደል በመሆኗ ጀልባው ከብረት መሰላል አጠገብ ይጠጋና ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሠራተኛው «አሁን» ባለ ጊዜ መሰላሉን ጨብጦ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ አናቱ 157 ደረጃ አለ። እናትዎ እያረፉ ከወጡት ይችሉታል፤ ላይ ከደረሱ በኋላ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። በሳንታ ክሩዝ መውረጃው ይቀላል፤ ጥላም የመጠጥ ውሃም አለ፤ ድመት የማታክል የደሴት ቀበሮም በእግርዎ ሥር ታልፋለች። አናካፓ ላይ ግን ውሃ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ዛፍም የለም። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውሃና ስንቅ ይያዙ፤ ቆሻሻውን ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። ወደ ፓርኩ መግቢያ አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለጀልባው ነው። መውረጃው ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይጠይቁ።

ስለ ማጥወልወሉ፦ እናትዎን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ሲወርዱ የሚረብሻቸው ከሆነ ባሕሩም እንደሚረብሻቸው ይጠብቁ። የሚዋጠውን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተማክረው ከመሳፈራቸው በፊት ይውሰዱት፤ ከወዲያ በኋላ ብዙም አይረዳም። በጀልባው ኋላ በኩል አየር በሚያገኙበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ከአድማሱ አይንቀሉ፤ ስልክ አይመልከቱ። ጋቢም አይርሱ። በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ጠረፉን የሚሸፍነው ጭጋግ የደሴን ክረምት ያስታውሳል፤ ቀትር ላይ ይገለጥና ፀሐዩ ይጠብሳል።

ትልቁን ዋሻ ያየሁት በሌላ ጉዞ ነው። በሳንታ ክሩዝ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ላይ ያለው «ባለቀለሙ ዋሻ» 370 ሜትር ያህል ወደ ተራራው ውስጥ ይዘልቃል፤ አፉም ወደ 50 ሜትር ይረዝማል። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ካልሆነ ጀልባ አይገባበትም። የእኛ ጀልባ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳው ቢጫ፣ አረንጓዴና ዝገት የመሰለ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ቀለሙ ከድንጋዩ፣ ከአልጌውና ላዩ ላይ ከሚበቅለው የድንጋይ ሽበት የመጣ ነው። ጥቂት እንደተጓዝን ጣሪያው ዝቅ እያለ፣ ብርሃኑም ከኋላችን እየጠበበ ሄደና ጨለማ ሆነ፤ ካፒቴኑ መብራት ሲያበራ ከፊታችን ጥቁር ውሃ እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ከዚያ ጨለማ ውስጥ የባሕር አንበሶች ድምፅ እየተጋጨ ይመጣ ነበር። የማንም ሰው ድምፅ አልተሰማም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ መጋቢት 16

የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና ስለ ወፎቹ ጥቂት ልጨምር። አናካፓ ላይ ተሰብስበው የሚራቡት «ዌስተርን ጋል» የሚባሉት ነጭ የባሕር ወፎች በዓለም ላይ ካሉት የዘራቸው ትልልቅ መራቢያዎች አንዱን የመሠረቱት በዚያች ደሴት ነው። ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ላይ፣ አንዳንዴም ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ እናትየዋ ጎብኚውን አናቱ ላይ እየተወረወረች ታባርራለች። ባርኔጣ ያስፈልጋል፤ ከመንገዱ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ሰው አንድ ጎጆ ላይ ሲያንዣብብ ወላጆቹ ይነሣሉ፤ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ለፀሐይና ለጎረቤት ወፎች ይጋለጣል። በእያንዳንዱ ያደገ ወፍ ምንቃር ጫፍ አጠገብ ቀይ ነጥብ አለ፤ ጫጩቷ ያችን ነጥብ ስትጠቁም ወላጇ ምግብ ይተፋላታል። ይህን እናትዎ እንዲያዩ አድርጉ።

ቡናማው ፔሊካን ግን ከዚህም በላይ ታሪክ አለው። የሚራባው በምዕራባዊው አናካፓ ነው፤ ያ ክፍል እነርሱ እንዳይረበሹ ለጎብኚ ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያች ደሴት 552 ጥንዶች ጎጆ ሠርተው፣ ያደገው ጫጩት አንድ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መግደያ ኬሚካል ነው። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበረ ፋብሪካ ፍሳሹን ለዓመታት በከተማው የፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር ሲለቅ፣ ዲዲቲው በትንንሽ ዓሦች ስብ ውስጥ ተከማቸ። ፔሊካኖቹ ዓሦቹን በሉ። መርዙ ወላጆቹን አልገደላቸውም፤ የእንቁላላቸውን ቅርፊት ግን አሳሳው። ፔሊካን ደግሞ እንቁላሉን የሚያሞቀው በሰፊ እግሩ ሥር አድርጎ ስለሆነ፣ ልታሞቅ የተቀመጠች እናት የገዛ እንቁላሏን ትሰብረው ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 ዲዲቲን ከለከለች፤ ወፉም ቀስ በቀስ አንሰራርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ወጣ።

የሐረጎ ጭጋግ (ኮምቦልቻ)፣ መጋቢት 16

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሶፍ ዑመርን ጎብኝቻለሁ፤ ያንን የወይብ ወንዝ እንደሠራው ተነግሮናል። በባሕር ዳር ያለው ዋሻም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነውን?

ጥቁር ድንጋይ (ደሴ)፣ መጋቢት 17

በዚሁ መንገድ አይደለም። ሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኖራ ድንጋይ በትንሹ አሲድነት ባለው ውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ወንዙ ድንጋዩን እያሟሟም እየጠረበም ነው ዋሻውን ያወጣው። አናካፓና ባለቀለሙ ዋሻ ያለበት የሳንታ ክሩዝ ክፍል እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ናቸው፤ ይህ እንደ ኖራ አይሟሟም። እዚያ ሥራውን የሚሠራው የማዕበል ጉልበት ነው። ማዕበሉ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ወይም ስብራት ያገኛል፤ ውሃው ሲገባ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቀዋል፣ ሲመለስ ይለቀዋል፤ በዚህ መጨመቅና መልቀቅ ድንጋዩ ይላላል። የላላውን ቁራጭ ማዕበሉ ይዞት እየተመላለሰ ግድግዳውን ይፈጭበታል። ለዚህ ነው የባሕር ዋሻ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚገባው። ዋሻው ከወዲያና ከወዲህ ተገናኝቶ ሲበሳ ቅስት ይሆናል፤ ቅስቱ ሲፈርስ ደግሞ ለብቻው የቆመ ዓምድ ይቀራል።

መምህር፣ ከጦሳ ተራራ ላይ የምንፈነቅለው ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ነው። አናካፓ ገደል ሥር ሲደርሱ ድንጋዩን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ የሚያውቁት ዓይነት ይመስልዎታል። የእኛን የፈለፈለው ዝናብና ወንዝ ሲሆን የእነርሱን የፈለፈለው ባሕር ነው።

ከሸዋ በር የወጣሁ፣ መጋቢት 17

ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀምጥ። የሚላላው ድንጋይ ዛሬም ይወድቃል፤ ጸጥ ያለ በመሰለ ባሕር ላይም አንድ ትልቅ ማዕበል ሳይታሰብ መጥቶ ዋሻ ውስጥ ያለን ሰው ከጣሪያው ጋር ሊያጋጭ ይችላል። የእህትዎ ልጆች በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ወደ ዋሻ እንግባ ካሉ፣ ከአስጎብኚ ጋርና የራስ ቁር አድርገው ብቻ ይሁን።

የቃሉ ሰው (ኮምቦልቻ)፣ መጋቢት 19

ስለ ዲዲቲ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ከእኔ በፊት የተወለዱ ሁለት ወንድሞቼ በወባ ሞተዋል። እኔ የተወለድኩት ቤታችን መረጨት ከጀመረ በኋላ ነው፤ እናቴ በሕይወት የኖርኩት በዚያ መድኃኒት ምክንያት እንደሆነ ታምን ነበር። ለአሜሪካ ወፎች ማዘን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የእኛን ቆላ ልጆች ያተረፈውን ነገር መርዝ ብቻ ብሎ መጥራት ያሳዝነኛል።

ቦርከና ማዶ፣ መጋቢት 19

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም አጎድዬ ጽፌአለሁና ላርም። በቤት ግድግዳ ላይ በልክ የተረጨና በመቶ ቶን ተቆጥሮ ባሕር ውስጥ የተደፋ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ይህንኑ ለይቶ፣ ዲዲቲን ለእርሻ ሲከለክል በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ግን በቁጥጥር እንዲሠራበት ፈቅዷል። ጉዳቱ የሚመጣው ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ማሳና ወደ ውሃ ሲገባ ነው፤ ስብ ውስጥ ስለሚከማችና ለብዙ ዓመታት ስለማይፈርስ አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም። እርስዎን ያተረፈውና ፔሊካኑን ያመከነው ያው አንድ ንጥረ ነገር መሆኑን ለተማሪዎቼ ከዚህ በኋላ ሁለቱንም አብሬ ነው የምነግራቸው።

የቃሉ ሰው፣ መጋቢት 20

እንዲህ ከሆነ ተስማምተናል። አላህ ይስጥልኝ።

የጦሳ ግርጌ፣ ሰኔ 11

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ ደርሰን ተመልሰናል፤ ቃል ባልገባም ዘገባ ማቅረብ ግዴታዬ ነው። መጀመሪያ የቆረጥንበት ቀን በነፋስ ምክንያት ተሰርዞ በሦስተኛው ቀን ሄድን። እናቴ መድኃኒቷን በጊዜ ወስዳ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እንደተመከረችው በጀልባው ኋላ ቆመች። እኔ ግን መድኃኒት አያስፈልገኝም ብዬ ስለነበር ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አጥወለወለኝ፤ ትከሻዬን ይዛ «አብሽር ልጄ፣ ሐረጎ ነው በል» ስትለኝ ነበር። ጭጋጉ ደሴቲቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኗት ስለነበር መጀመሪያ የደረሰን ሽታዋ ነው፤ የወፍ ኩስና የዓሣ ሽታ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ የሺህ ወፎች ጩኸት ከምንም ውስጥ። አናካፓ የሚለው ስም ቹማሽ ከሚባሉት የጥንት ነዋሪዎች ቋንቋ የመጣና ከዓይን ማታለል ጋር የተያያዘ መሆኑን እህቴ ነገረችን። ጭጋጉ ሲቀደድ ከፊታችን 12 ሜትር የሚሆነው የድንጋይ ቅስት በውሃው ላይ ቆሞ ነበር፤ ተማሪዎቼ በደብተራቸው ሲስሉት የኖሩት ቅርጽ ራሱ ነው።

ጀልባው በገደሉ ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ዋሻዎቹን በቅርብ አየሁ። ጥቁር ድንጋይ የጻፉልኝ ሁሉ እዚያ ነበር። አንዱ ዋሻ ከጀልባ የማይበልጥ ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ማዕበሉ ሲገባ ለጥቂት ቅጽበት ጸጥታ ይሆንና ከውስጥ እንደ ነጋሪት ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያም የተጨመቀው አየር ውሃውን እንደ ጢስ አድርጎ መልሶ ይተፋዋል። ይህን ሃያ ዓመት ሳስተምር ድምፅ እንዳለው አልነገርኩም፤ አላውቅም ነበርና። ካፒቴኑ እንዳስረዳን፣ በእነዚህ ዋሻዎችና ስንጥቆች ውስጥ የሚራባ ስክሪፕስ መረሌት የሚባል ትንሽ ጥቁርና ነጭ የባሕር ወፍ አለ። ጫጩቱ በተፈለፈለ በሁለተኛው ቀን ግድም ገና ሳይመገብ በሌሊት ከገደሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ወላጆቹ ከታች ሆነው ይጠሩታል፣ እርሱም ድምፃቸውን ተከትሎ በጨለማ ውስጥ ያገኛቸዋል። ከመርከብ የገቡ ጥቁር አይጦች እንቁላሉን እየበሉ ሊያጠፉት ተቃርበው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 አይጦቹን ከደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ አጥፍተዋቸው ወፉ ተመልሷል።

መሰላሉን እናቴ «ቢስሚላህ» ብላ ያዘችና ከእኔ ቀድማ ወጣች። 157ቱን ደረጃ ስድስት ጊዜ አርፈን ጨረስነው። ላይኛው ሜዳ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ወፍ ነው። ነጠብጣብ ያለባቸው ግራጫ ጫጩቶች መንገዱ ላይ ይቆማሉ፤ እኛ ቆመን እነርሱ እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ቦርከና ማዶ የነገሩኝን ቀይ ነጥብ ለእናቴ አሳየኋት። አንዲት ጫጩት ከእግራችን ሦስት እርምጃ ርቃ የእናቷን ምንቃር ደጋግማ ጠቆመች፤ ወፏም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ያልተፈጨ ዓሣ አወጣችላት። እናቴ ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሌላ ወፍ ከኋላ መጥታ ባርኔጣዬን ስትመታኝ እንኳ ዘወር አላለችም።

መንገዱ በሚያልቅበት ገደል አናት ላይ ተቀምጠን መካከለኛውንና ምዕራባዊውን አናካፓ አየን። ፔሊካኖቹ በአንድ መስመር ሆነው ከማዕበሉ ጫፍ በላይ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ወደዚያ ይሄዱ ነበር። እኔም የእነርሱን ታሪክ ነገርኳት። ዲዲቲ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ልጅነቷ በኮምቦልቻ ዙሪያ ነው። የወባ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ባዘሉት ፓምፕ ሊረጩ ሲመጡ፣ እንስራው፣ ምጣዱ፣ ቁርበቱ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር፣ ከተረጨ በኋላ ግድግዳው ነጭ ሆኖ እንደሚቀር፣ ትኋኑ ወለል ላይ ሲረግፍም ዶሮዎቹ እንዳይለቅሙት አያቷ በዱላ ሲያባርሩ እንደነበር ነገረችኝ። «አያቴ እንዴት አወቁ?» አለች ደግማ። ማንም አልነገራቸውም ነበር። ከዚያ «ያ መድኃኒት እዚህ ድረስ መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጣው ከእኛ ሳይሆን እዚሁ ማዶ ካለው ጠረፍ፣ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ መሆኑን ስነግራት፣ ጭጋጉ ተገልጦ ጠረፉ ይታይ ነበርና፣ ዝም ብላ ወደዚያ ተመለከተች።

የቃሉ ሰውን ጽሑፍ በስልኬ አነበብኩላት። እርሷም አንዲት እህቷን በወባ አጥታለች፤ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አልነገረችኝም።

የቃሉ ሰው፣ ሰኔ 12

መምህር፣ ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከየትኛው ቀበሌ እንደሆኑ ቢነግሩኝ ምናልባት ቤተሰብ እንተዋወቅ ይሆናል፤ ከፈቀዱ በግል ይጻፉልኝ።

የሐረጎ ጭጋግ፣ ሰኔ 12

ዘገባውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ አገር ፔሊካን እንዲህ የሚራባበት ቦታ አለን?

ቦርከና ማዶ፣ ሰኔ 13

ነበረን ማለት ይቀለኛል። በስምጥ ሸለቆ በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ይራቡ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣው ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ጎረቤት ካለው ከአቢጃታ ነበር። የአቢጃታ ውሃ በመስኖና በሶዳ ፋብሪካ ምክንያት እየቀነሰ ጨውነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ወፎቹም ቀነሱ። ደሴቶቹ ዛሬም አሉ፤ ብሔራዊ ፓርክም ናቸው። ወፎቹን ያባረራቸው ጎጇቸው ላይ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ከሌላ ሐይቅ የተወሰደ ውሃ ነው። አናካፓ ላይ ቱቦው ስለተዘጋ ወፎቹ ተመለሱ። እኔ የአቢጃታን ውሃ ነገር የምጠይቀው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

የጦሳ ግርጌ፣ ሰኔ 14

ለየቃሉ ሰው በግል ጽፌአለሁ፤ እናቴም መልስ እየጠበቀች ነው። ቦርከና ማዶ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ሁለቱ ሐይቆች እንዲያስረዱልኝ ከኮምቦልቻ ቢመጡልን ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። የዋሻውን ድምፅ በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ እርሱን አስቀድመን እናሰማቸዋለን።